እማማ እንፋሎት የተናገረችበት ጠዋት

ይችን ቁራጭ ፕላስተር እዩልኝ። ርዝመቷ ጣት ቢያህል ነው፤ ላይዋ ላይ የነጡ ሰያፍ መስመሮች አሉባት። የሐኪሙ መቀስና መቆንጠጫ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ጥቅሉ በእሷ ይታሸጋል፣ ከዚያ ማምከኛው መኪና ውስጥ ይገባል። እንፋሎቱ ጀርም ለመግደል የሚበቃ ሙቀት ላይ ከደረሰ መስመሮቹ ይጠቁራሉ። ካልደረሰ እንደነጡ ይወጣሉ። ኦፕራሲዮን ክፍል ያለው ሰው መኪናውን አያይም፤ መለኪያውንም አያይም። የሚያየው ይችኑ ቁራጭ ነው። ከጠቆረች ጥቅሉን ፈትቶ የሰው ሆድ ይከፍትበታል። ከነጣች ይመልሳል። ተኝቶ የሚቀደደው ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ አምኖ ይተኛል እንጂ።

የማምከኛው ክፍል ኃላፊ ለሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ሴት ነበረች። ሐኪሞቹ «እማማ እንፋሎት» ይሏታል። የመኪናውን በር ስትከፍት ጉሙ ከወገብ በላይ ይውጣታል፤ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣው ድምጿ ነው። «ዞር በሉ፤ የተቀቀለ ሰው ማከም አይቻልም» ትላለች። ክፍሏ ምድር ቤት ነው። አንድ የብረት ጠረጴዛ፣ ጣሪያ የነካ መደርደሪያ፣ ጥቅል የምታቀብልበት ጠባብ መስኮት። አብራት የምትሠራው የባሏ ታናሽ እህት ናት፤ ሥራ ያስገባቻትም ያስተማረቻትም እሷ ናት። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ጨርቅ ሲያጥፉ አራት እጅ ያላት አንዲት ሴት ይመስላሉ።

ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ደግሞ በቤተ ክርስቲያኗ የሴቶቹን ጸሎት ትመራለች። «ጌታ ሆይ፣ ጨለማችንን በብርሃንህ ግለጠው» ስትል እንባው የማይመጣበት የለም። ጥሩ ጸሎት ነው። ሰው ግን «ግለጠው» ሲል ብዙ ጊዜ የጎረቤቱን ማለቱ ነው።

አንድ ቀን የመኪናውን በር ግጥም የሚያደርገው ጎማ ተሰነጠቀ። እንፋሎቱ በስንጥቁ ሹልክ ማለት ጀመረ። ለጽሕፈት ቤቱ ጻፈች፤ «ዕቃው ታዟል፣ በቅርቡ ይመጣል» አሏት። ደግማ ጻፈች፤ ያንኑ አሏት። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች። አንድ ነርስ መስኮቱን እየደበደበ «እማማ፣ ጥቅል፣ ጥቅል» ይላል። ከመኪናው የወጣው ጥቅል መስመሩ እንደነጣ ነው። ለአዲስ ሠራተኛ ማስተማሪያ ብላ ያስቀመጠቻቸው የጠቆሩ ፕላስተሮች ነበሯት። አንዱን አንስታ በነጣው ላይ ለጠፈችው። «እጥፍ ሰዓት አቆይቼዋለሁ፤ ጀርሙ ሞቶ ይሆናል» አለች ለራሷ። አቀበለች። እናትየዋ ተረፈች፤ ሕፃኑም አለቀሰ።

ክፉ ነገር የሚጀምረው እንዲህ ነው። ቀንድ አውጥቶ አይመጣም። ሽርጥ ታጥቆ፣ ለደግ ሥራ ተቻኩሎ ነው የሚመጣው። በማግስቱ ሌላ ጥቅል ነጣ፤ ሌላ ፕላስተር ተለጠፈ። የባሏ እህት አየችና አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ፣ አገልግለው ከሚመለሱ ጥቅሎች ላይ የጠቆሩትን እየላጠች ታስቀምጥ፣ አብራም ትለጥፍ ጀመር። ስለ ነገሩ ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። ዝም ብሎ ማጠፍ ነው። አሥራ አንድ ቀን።

በዚያ መሃል ረቡዕ ደረሰ። እማማ እንፋሎት እንደ ልማዷ ከፊት ቆመች፣ አፏን ከፈተች፣ «ጌታ ሆይ፣ ጨለማችንን» አለችና ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ። ሴቶቹ መንፈስ የነካት መስሏቸው «አሜን፣ አሜን» ይላሉ። እያንዳንዱ አሜን እንደ ድንጋይ ወረደባት።

በአሥራ አንደኛው ቀን የታጠበ ጨርቅ ልትቀበል ፎቅ ስትወጣ፣ የሴት ታካሚዎች ክፍል በር ላይ የነርሶቹ አለቃ፣ ማትሮኗ፣ ስትቆጣ ሰማች። «ሦስተኛ ቁስል አመረቀዘ። እጃችሁን አትታጠቡም ወይ?» ነርሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ላላጠፉት ጥፋት ይቅርታ ይጠይቃሉ። እማማ እንፋሎት ሰምታ ማለፍ ትችል ነበር። እግሯ እምቢ አላት፤ ገባች።

በሩ አጠገብ የተኛችው ልብስ ሰፊ ናት። ትኩሳቱ ፊቷን አቅልቶታል፤ አፏ ግን አልታመመም።

«ኑ እማማ፣ የእኔን ጉድ ይዩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰፋሁት ልብስ አንድም አልተተረተረ፤ የእኔ ሆድ በሳምንቱ ተተረተረ። ሐኪሙን ክርና መርፌ አምጣልኝና ራሴ ልስፋው ስለው ሳቀብኝ።»

እማማ እንፋሎት ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ጸሎት ያውቃሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ ይጸልዩልኝ። ሦስት ልጅ ጎረቤት ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት።»

እጇን ወደ ልብስ ሰፊዋ ግንባር ዘረጋች። እጁ ያው ነው፤ ጠዋት ሲለጥፍ ያረፈደው እጅ። መልሳ ሰበሰበችው። «እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። ምድር ቤት ወርዳ «መኪናው ቆሟል» የሚል ወረቀት ጻፈች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ያን ከሰዓት አንድም ጥቅል አላቀበለችም። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ሄደች።

ሽማግሌው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ሁሉንም ዘረገፈችለት። እሱም መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣

«እህቴ፣ በእግዚአብሔር ፊት ተናዘሻል?» አላት።

«ተናዝዣለሁ።»

«እንግዲያው ይቅር ብሎሻል። እሱ የሸፈነውን አንቺ ምን ትገልጫለሽ? ዝም ብለሽ ከእንግዲህ አስተካክይ። አንቺ የምትታወቂ ሰው ነሽ፤ የማያምኑት ይስቁብናል። የጌታ ስም ይሰደባል።»

«ሦስት ሴቶች ቁስላቸው መግል ይዟል፣ ጋሼ።»

«እነሱንም በጸሎት እናስባቸዋለን።»

«ጸሎቱ እኮ ነው እምቢ ያለኝ። እግዚአብሔር ጋ በሄድኩ ቁጥር እነሱ ጋ ሂጂ ይለኛል። እነሱን ዘልዬ እሱ ጋ የምደርስበት መንገድ ካለ እርስዎ ያሳዩኝ።»

«አሁን ስሜት ውስጥ ነሽ» አላት። ደንበኛ ገብቶ እርሳስ ጠየቀ፤ ሽማግሌው ዞር ብሎ እርሳሱን ሸጠለት።

ስንቱ ነው እንዲህ የሚመክረው። ብርሃን፣ ብርሃን እያልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንዘምራለን፤ ብርሃኑ እኛ ጓዳ ሲደርስ መጋረጃ ፍለጋ እንሮጣለን። ክርስቶስ ወደ ዓለም የመጣው የደበቅነውን አሳምሮ ሊደብቅልን ነው እንዴ? የጌታ ስም የሚሰደበው ሰው ጥፋቱን ሲናገር አይደለም። እሱ በሞተላቸው ሰዎች ሆድ ውስጥ ያልመከነ መቀስ ሲገባና አማኙ ከላይ ሆኖ ሲዘምር ነው። ይህን ለማወቅ ሥነ መለኮት መማር አያስፈልግም። ልብስ ሰፊዋ አልጋ አጠገብ አንድ ደቂቃ መቆም ይበቃል።

ስትመለስ የባሏን እህት ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ አገኘቻት።

«ነገ ጠዋት ስብሰባው ላይ ልናገር ነው።»

«ምኑን?»

«የምታውቂውን።»

የባሏ እህት ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «እትዬ፣ አብደሻል። እኔ ባል የለኝ፣ ማን አለኝ? ከዚህ ከተባረርኩ ልጆቼን ምን ላበላ ነው? አንቺ ጡረታሽ ደርሷል። በእኔ ጉሮሮ ልትጸድቂ ነው?»

ይህ ገባት። ከሽማግሌው ምክር ሁሉ ይልቅ ይህ ነው ያንገዳገዳት። ልጆቹን በእጇ ነው ያሳደገቻቸው። ለጥቂት ጊዜ የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች።

«የእኔን ነው የምናገረው» አለች በመጨረሻ። «ያንቺን ቀድሜ አላወጣውም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። ራስሽ ብትናገሪው ይሻልሻል።»

«ወንድሜ ይህን ይስማ።»

«ደውዬ ነግሬዋለሁ። እስካሁን ምን አስቀመጠሽ ነው ያለኝ።»

«እሱ ድሮም የሚያዳላው ላንቺ ነው» አለችና ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሐኪሞቹና ነርሶቹ እንደ ወትሮው ተሰበሰቡ። እማማ እንፋሎት በዚያ ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም፤ በር አጠገብ ቆማ ሰምታ ነው የምትሄደው። ማትሮኗ የቁስሎቹን ነገር አንስታ ነርሶቹን መውቀስ ስትጀምር እጇን አወጣች።

«ነርሶቹን ተዋቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አንዱ ወጣት ሐኪም ፈገግ አለ። «እማማ ደግሞ ምን አጠፉ? እንፋሎት አነሰ?»

«አዎ» አለችው፤ «አነሰ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። እሷም ቀጠለች። ድምጿ ከጉሙ ውስጥ እንደምትጮኸው ጥርት ያለ ነበር። «አሥራ አንድ ቀን መኪናው የሚበቃ ሙቀት አልደረሰም። መስመሩ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር። እኔ አሮጌ የጠቆረ ፕላስተር እየለጠፍኩ አቀበልኳችሁ። ስንት ጥቅል እንደሆነ ይኸው ጽፌዋለሁ። የትኛው ለየትኛው ታማሚ እንደዋለ የእናንተ መዝገብ ያውቃል። ዛሬውኑ ፈልጓቸው።»

ዋናው ሐኪም ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። «ለምን አልነገሩንም?»

«ፈራሁ። መጀመሪያ ምጥ ለጠናባት ሴት ፈራሁ። በኋላ ለራሴ።»

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው። ሰዓት ሳይሞላ መደርደሪያው ተጠረገ። ጥቅሎቹ አምቡላንስ ላይ ተጭነው ሃያ ደቂቃ ርቆ ወደሚገኝ ሌላ ሆስፒታል ሄዱ፤ እዚያ መክነው ለከሰዓት ሥራ ደረሱ። ይህ መንገድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍት ነበር። «ታዟል» ሲባል የከረመው ጎማም በአራተኛው ቀን ከች አለ። የታከሙት ሰዎች ተጠሩ፤ ሁለቱ ቤታቸው ትኩሳት ጀምሯቸው ነበር፣ መድኃኒቱ በጊዜ ደረሰላቸው። ያ አሥራ አንድ ቀን የተሸከመችው፣ ተራራ የመሰላት ጨለማ ምንም አቅም አልነበረውም። አቅሙ የእሷ የተዘጋ አፍ ነበር። አፏ ሲከፈት ያ ሁሉ ግርማው የት እንደገባ አልታወቀም።

ዋጋ አልከፈለችም አልልም። ከኃላፊነቷ ተነስታ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተመደበች። የረቡዕ ጸሎት ለሌላ ሴት ተሰጠ። የአንዷ ታማሚ ባል ኮሪደር ላይ አስቁሞ አፉ ያመጣውን ሁሉ አወረደባት፤ እሷም ሳታቋርጠው እስከ መጨረሻው ሰማችው። ልብስ ሰፊዋ ጋ ገብታ ስትነግራት ሴትየዋ «እርስዎ?» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ያ ከስድቡ ሁሉ የባሰ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የባሏ እህት ማንም ሳይጠራት ማትሮኗ ቢሮ ገባች። «እኔም ለጥፌያለሁ። እትዬ አላስገደደችኝም» አለች። አንድ ወር ከደመወዝ ታገደች እንጂ አልተባረረችም። ከቢሮው ስትወጣ እማማ እንፋሎትን ኮሪደሩ ላይ የጨርቅ ጋሪ ስትገፋ አገኘቻት።

«በይ ደስ ይበልሽ» አለቻት። አለፍ ብላ ቆመችና ዞር ሳትል፣ «ሁለት ሳምንት ያልወረደልኝ እህል ዛሬ ምሳ ላይ ወረደልኝ» አለች። ሄደች።

እማማ እንፋሎት በየቀኑ በምሳ ሰዓቷ ልብስ ሰፊዋ አልጋ አጠገብ ትቆም ነበር። አምስት ቀን ሴትየዋ ግድግዳውን አየች። በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ዞራ አየቻት።

«ዛሬም መጡ?»

«መጣሁ።»

«ይጸልዩልኝ አልልዎትም። አሁን አልልም።»

«እሺ።»

«ቁጭ ይበሉ ግን። እንደ ምሰሶ ሲገተሩ እኔን ይደክመኛል።»

ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ማንም ሳያዛት፣ የተቆለፈባት ጸሎት ተከፈተ። ያማረ ቃል አልነበረበትም። «ጌታዬ፣ ይኸው እኔ፤ ይችም ሴት ይኸችው» ብቻ ነው ያለችው፤ እንደተሰማም አወቀች። ከፊቱ የምትሸሽገው ነገር አልቀረማ። ያሸነፈው ብርሃን በትልቁ መድረክ ላይ አልወረደም። መድኃኒት በሚሸት ክፍል ውስጥ፣ ገና ይቅር ባላለቻት ሴት አጠገብ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አገኛት።

አንተ ይህን የምታነብ፣ አንቺም፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይህን ስታነቡ የአንድ ሰው ፊት ድቅን ብሎባችኋል፤ የበደላችሁት፣ እሱም ገና ያላወቀባችሁ። ለእግዚአብሔር ብቻ ሹክ ብላችሁ አትለፉት። ዛሬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ተነሱና ሂዱ፤ በራሳችሁ አፍ ንገሩት።