ርቀት የምትባል ላም

እትዬ ጣሳ ጠዋት በረት ከመግባቷ በፊት፣ በሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ጭምብሏን አንስታ አፍና አፍንጫዋን ትሸፍናለች። ባልዲውን የምትይዘው ከዚያ በኋላ ነው። ወረርሽኙ ካለፈ ቆይቷል፤ በሰፈሩ እስካሁን ጭምብል የሚያደርጉት እሷና የከብት ሐኪሙ ብቻ ናቸው። ሐኪሙ የበረት ሽታ ስለማይወድ ነው። የእሷ ምክንያት ላሟ ናት።

ጣሳ ያላት ሰፈሩ ነው፤ ወተት የምትሰፍርበት ጣሳ ከእጇ አይጠፋም። ከወረርሽኙ በፊት ሁለት ጥገቶች ነበሯት፤ ወተቱን ሁሉ መንገድ ዳር ያለው ኬክ ቤት ይወስድላት ነበር። ኬክ ቤቱ ሲዘጋ ወተቱ ቤት ቀረ። መጀመሪያ ለጎረቤት አደለች፣ ቀጥላ ናጠችው። ቅቤውንም የሚገዛ ሲጠፋ ባሏ፣ በዚህ አያያዛችን ገላችንንም በወተት መታጠባችን ነው አለ። መኖ ግን ቀልድ አያውቅም። የፉርሽካ ዋጋ ጣራ ሲነካ ሁለቱንም ላሞች ሸጠች። በረት ውስጥ የቀረችው ገዢ ያጣች፣ ገና ጡት የጣለች ጥጃ ነበረች።

ባልየው ጥጃዋን ርቀት አላት። ጊዜው ሰው ሁሉ ርቀትህን ጠብቅ የሚባባልበት ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንደሚባለው፣ አድጋ ጊደር ስትሆን ከእትዬ ጣሳ በቀር ማንንም አታስጠጋም። እትዬ ጣሳ ደግሞ ባሏ ደረቱን ስለሚያመው ከሰው ሁሉ የበለጠ ትጠነቀቅ ነበር። ሌላው ጭምብሉን ከጣለ በኋላም እሷ ከመኝታ በቀር አታወልቅም።

ርቀት በወለደች ሰሞን ኬክ ቤቱ ተከፈተ። ባለቤቱ ግን በዱቄት ወተት መሥራት ለምዶ ነበር። እትዬ ጣሳ ሄዳ ለመነችው። እንገሩ እንዳበቃ እንድታመጣ ፈቀደላት፤ አንድ ጠዋት ቀርታ ደንበኛ ፊት ብታሳፍረው ግን ወደ ዱቄቱ እንደሚመለስ አልደበቃትም። ደግሞ ያንን ነገር አውልቂው፣ ጥርስሽን ረሳሁት አላት። የባሏም ደረት ተሽሎታልና ወተት ማድረስ ከምትጀምርበት ቀን አንስቶ ልታወልቀው ተስማማች።

ያን ጠዋት ጭምብሉን ምስማሩ ላይ ትታ ገባች። ጥጃዋን አስጠባች፣ ለየቻት፣ ጎንበስ ብላ እጇን ሰደደች። ርቀት ባልዲውን ጠለዘችው። ደግማ ሞከረች፤ ላሟ ወተቷን ያዘች፣ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። የመጀመሪያ ወላድ ሁሉ እንዲህ ናት አለ ባሏ። ያን ቀን ከእህቷ ቤት ወተት ለምና አደረሰች። በማግስቱም እንደዚያው። እህቷ ግን ለነገ የሚተርፍ የለኝም አለቻት።

ሉካንዳ ያለው ወንድሟ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ "እኔ ጋ መጥታ የተራገጠች ላም የለችም" አላት። ቀልዱን ነው። ወተት የማትሰጥ ላም የት እንደምትሄድ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ተጠራ። ጭምብሉን እንዳደረገ ገብቶ፣ የጡት በሽታ እንዳይሆን አራቱንም ጡቶች አንድ በአንድ ዳሰሰ። ርቀት ቆማ ታመነዥካለች። ባልየው ከበሩ ላይ ሆኖ፣ ያሳደገቻትን ትራገጣለች፣ ለመርፌ ወጊ ትቆማለች ሲል ሐኪሙን ሳቅ አፈነውና ጭምብሉን ወደ አገጩ ሳበው። የላሟ እግር ተወረወረ። ሐኪሙ ወደ ኋላ ሲል ባልዲው ላይ ተቀመጠ።

ቀድሞ የገባት ለእትዬ ጣሳ ነበር። ወጥታ ጭምብሏን አድርጋ ተመለሰች። ርቀት አንገቷን አዙራ አየቻት፣ እጅጌዋን አሸተተች። ትንሽ ቆይቶ ወተቱ ባልዲውን ይመታ ጀመር።

"ከተወለደች ጀምሮ ያለ አፍ ነው የምታውቅሽ" አላት ባሏ። "እኔ አፍ ስታወጪብኝ ስንት ዓመት ችያለሁ፤ እሷ አንድ ቀን አልቻለችም።"

"አንተም ወተት ብትሰጥ ኖሮ እሸፍንልህ ነበር" አለችው፣ ቀና ሳትል።

በማግስቱ ወተቱ ከርቀት ጡት ኬክ ቤት ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህም ቀርቶ አያውቅም። የተረፈው የዱቄት ወተት መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሷል። ባለ ኬክ ቤቱ አሁንም ስለ ጭምብሉ ይጠይቃታል፤ ላሟን ጠይቃት ትለዋለች። አንድ ሁለቴ ቀስ በቀስ ልታለምዳት ሞክራ፣ ወተቱ ሲጎድል ተወችው።

የርቀት ጥጃ ሴት ናት። ለእሷ ድርቆሽ ይዛ የምትገባው ጭምብሉን ምስማሩ ላይ ሰቅላ፣ ፊቷን ገልጣ ነው። ጥጃዋ ከሁለት ዓመት በኋላ ትወልዳለች።