አባቴ እጁን ሲዘረጋ የሚዘጋው ቪዲዮ

ባለፈው እሑድ ልጄ ለጓደኛው ልደት በስልኩ ቪዲዮ ሲያቀናብር ዋለና መጨረሻው ላይ አፑ ተዘጋበት። ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሮ ሲያኮርፍ ሳቄ መጣ፤ እሱም ተቀየመኝ። ያሳቀኝ ግን የእሱ ብስጭት አልነበረም። ሆሳዕና ከተማ፣ በከድር ሱቅ ውስጥ ያሳለፍኩት አንድ ክረምት ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ ገና ማስተማር የጀመርኩ ወጣት ነበርኩ። አባቴ ዕድሜውን በድሬሰርነት የከምባታን ገጠር ዞሮ በሽተኛ ያከመ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። ደም ግፊት ከጣለው በኋላ እግሩ ቢመለስለትም አንደበቱ አልተመለሰም። ታናሽ ወንድሜ ጴጥሮስ ከመስቀል በኋላ ሊያገባ ቀን ሲቆረጥ፣ አባቴ በእጁ ወደ አጎታችን አመለከተ፤ እሱ ይመርቃቸው ማለቱ ነበር። ጴጥሮስ ተነስቶ ወጣ። ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ቆሞ አገኘሁት።

"አባቴ በሕይወት እያለ ሌላ ሰው አይመርቀኝም" አለኝ።

የታላቅ እህታችን የአስቴር የሰርግ ቪዲዮ ካሴት ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። አባታችን እዚያ ላይ በከምባትኛ መርቋል። መጀመሪያ ላይ የጠራውን የአስቴርንና የባሏን ስም ብቻ ብንቆርጠው፣ ቀሪው ለየትኞቹም ሙሽሮች ይሆናል።

ከድር የጴጥሮስ ጓደኛ ነው። ከአባቱ ጨርቅ ሱቅ ጎን ፊልም ያከራይ፣ ሲዲ ይገለብጥ ነበር። ካሴቱን ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጦ ለአስቴር መለሰላትና ሥራ ጀመርን። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ፣ ሁሉም ደህና ነው። አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ እጁን ሲዘረጋ ግን ስክሪኑ ይደርቃል፤ ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ይጠይቅና ይዘጋል። ከድር ሙቀት ነው ብሎ የኮምፒውተሩን ሳጥን ከፍቶ አቧራውን አራገፈ፣ ቬንትሌተር ደገነበት። ቦታ ጠቦት ይሆናል ብሎ ስንት ፊልም አጠፋ። ፕሮግራሙንም አጥፍቶ እንደገና ጫነው። አባቴ ይነሳል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ይዘጋል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኛ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን እንደገና እስኪከፈት እንጠብቃለን። እየቆየሁ ያችን ቅጽበት መፍራት ጀመርኩ። አንደበቱ ዳግመኛ ሲያዝ ያየሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከድርን፣ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ሌላም ቦታ ይዘጋ ነበር፤ ለምን ሁልጊዜ እዚህ ብቻ? ብዬ ጠየቅሁት። አሰብ አደረገና ካሴቱን ሲገለብጥ መሃል ላይ መብራት ሄዶበት እንደነበር፣ ሲመለስም ከተቋረጠበት እንደቀጠለ ነገረኝ።

"የተበላሸው ፋይሉ ነው፤ ካሴቱ ደህና ሳይሆን አይቀርም" አለ። "ማርታ፣ አምጪልኝና እንደገና ልገልብጠው።"

በማግስቱ አስቴር ወደምትኖርበት ወደ ሀደሮ ሄድኩ። መኪናው ጭቃ ሲይዘው እየወረድን ገፋን። የዝንጅብል ከረጢት ላይ ተቀምጬ ስለሄድኩ ሽታው ቀሚሴ ላይ ሰነበተ። አስቴር ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረበችልኝ። ስሟን ልንቆርጠው መሆኑን ስነግራት ይከፋት ይሆን ብዬ ዓይን ዓይኗን አየሁ። ካሴቱን በሻርፗ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

"ቁረጡት" አለችኝ። "እኔን እንደመረቀኝ እሱንም ይመርቀው።"

ከድር በዚህኛው ዙር ጄኔሬተር አስነስቶ ገለበጠው። አባቴ ተነሳ፣ እጁን ዘረጋ፣ ተናገረ። ከድር ከምባትኛ አይሰማም፤ ቢሆንም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ለአባቴ የነገርነው በሰርጉ ዋዜማ ነው። አንገቱን ደፋ። እሺ ይሁን እንቢ አላወቅንም።

በሰርጉ ቀን ዳሱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። የአባቴ ድምፅ "ደጃችሁን እንግዳ አያጣው" ሲል ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። አባቴ በከዘራው ተደግፎ ተነሳና ወደ ሙሽሮቹ ሄዶ እጁን ራሳቸው ላይ ጫነ። ከንፈሩ ከድምፁ ጋር እኩል ይንቀሳቀስ ነበር። ቪዲዮው አለቀ፤ ከድር ቴሌቪዥኑን አጠፋው። የአባቴ ከንፈር ግን አላቆመም። በጴጥሮስ ጆሮ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ድምፅ የሌለውን ነገር ቀጠለ፣ ቀጠለ። እስኪጨርስ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ጴጥሮስም ሽበት ጀምሮታል። ያን ቀን ምን እንዳለው ስጠይቀው "ሰምቼዋለሁ" ይለኛል እንጂ ሌላ አይጨምርም። ድሮ፣ ምኞቱ ነው እል ነበር፤ አሁን አልልም። እኛ ክረምቱን ሙሉ የደከምንበት ምርቃት ከአስቴር የተዋስነው ነበር። ያኛው ግን የጴጥሮስ የራሱ ነው።