የቢላ ድርሻ

ኅዳር 11 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። አሳ ቆራጩ መዝገቡ ላይ «ቁጥር 17፣ ርዝመት 61 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደት 3 ኪሎ ከ» ብሎ ጻፈና ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ቁጥር የለም። የጉበቱ ዓምድም ባዶ ነው። አሥራ ሰባተኛው አሳ ሆዱ ሳይቀደድ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ሰውየውም ከአምስት ቀን በኋላ፣ እሁድ ጠዋት፣ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ልቡ ነው አሉ። በመካከሉ የሆነው ይህ ነው።

ከድልድዩ ሥር፣ ጀልባዎች ከሚያራግፉበት ደረጃ አጠገብ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቦታ ቆሞ አሳ ቆርጧል። ገበያው ስሙን ትቶ «እጁ ሚዛን» ይለው ነበር። አሳውን በጭራው አንጠልጥሎ ክብደቱን ይናገራል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከሃምሳ ግራም በላይ ስቶ አያውቅም። ከጎኑ የምትሸጠው ሴትዮ፣ ምላሷ ከቢላው የሚሰላ፣ «የሚስትህን ክብደት ግን አንድ ቀን እንኳ ደፍረህ አልተናገርክም» እያለች ታበሽቀው ነበር፤ ያኔ ሚስቱ በሕይወት ነበረች።

የቆራጮች አንድ ደንብ አለ። ከሁለት ኪሎ በላይ የሆነ አሳ ሲቀደድ ጉበቱ የቆራጩ ነው። «የቢላ ድርሻ» ይሉታል፤ ማንም አይከራከርበትም። ሌሎቹ ድርሻቸውን እዚያው ይሸጡታል። እሱ ግን ሸጦ አያውቅም። ጉበት ደም ይተካል ብሎ ስለሚያምን በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል፤ ሚስቱም በሽንኩርት ትጠብሰዋለች። እሱ ጠረኑን ሲተነፍስ ስለሚውል አይቀምሰውም። የሚበሉት እናትና ልጅ ነበሩ።

ሚስቱን መጀመሪያ የነዘራት ጣቶቿን ነበር። ቀጥሎ፣ ወለሉ ያዘመመ ይመስል፣ ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀመረች። በመጨረሻ አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጇን «ምነው ከጉድጓድ ውስጥ ታወሪኛለሽ?» ትላት ነበር። ሐኪሙ የነርቭ ነው አለ። ባሏ ደግሞ ደም አንሷት ነው ብሎ ጉበቱን ጨመረላት። ከሞተች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗል።

ወንዙ ግን ከዓመት ዓመት እየጠራ ነበር የሄደው። ላይኛው ዳርቻ ላይ ብረት በኬሚካል የሚነክረው ፋብሪካ ከተከፈተ ወዲህ አረንጓዴው ዝቃጭ ጠፋ፤ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ፤ ደረጃው ላይ ቆሞ የወለሉን ጠጠር መቁጠር ተቻለ። ሰው ሁሉ «ንጹሕ ሆነልን» አለ። አሳዎቹም ሰው መሸሽ ተዉ። እጅ ውሃው ውስጥ ሲገባ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እጁ አዙረው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የሚነገራቸው ነገር ያለ ይመስላል። አጥማጆቹ ሳቁ፤ መረቡ ሳይደክሙ ይሞላላቸው ነበርና። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

አሳ ግማቱ ካናቱ ይባላል። ቆራጩም የሚመረምረው እንደዚያው ነበር፤ ጉንጩን ከፍቶ ያያል፣ ያሸታል። የዚህ ወንዝ አሳ ግን ካናቱም ከጅራቱም አይገማም። ዓይኑ ብሩህ ነው፤ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ቀይ ነው። ጉበቱ ያንጸባርቃል።

በመስከረም መጨረሻ ከውሃ ላቦራቶሪ አንዲት ወጣት ባለሙያ መጥታ መዝገብ ሰጠችው። ትልልቆቹን አሳዎች በቁጥር እየመዘገበ፣ ከየአንዳንዱ ትንሽ ሥጋና ትንሽ ጉበት እንዲያስቀምጥላት ጠየቀችው። ጽሕፈቱ ጥሩ ስለሆነ ደስ ብሎት ያዘው። ያን ማክሰኞ አሥራ ሰባተኛውን እየጻፈ ሳለ መጣች።

«ጋሼ፣ ውጤቱ ደረሰ።»

«ውሃው ምን አለ?» አላት ቀና ሳይል።

«ውሃው ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለም። ጭቃው ውስጥ ግን ባዜቃ፣ ሜርኩሪ የሚሉት፣ አለ፣ እርሳስ አለ፣ ካድሚየም የሚባል መርዘኛ ብረት አለ። ትሉ ጭቃውን ይበላል፣ ትንሹ አሳ ትሉን፣ ትልቁ ትንሹን። ከገባ እንደ ዋዛ አይወጣም፤ ይከማቻል። ያረጀው አሳ የስንት ዓመቱን ተሸክሟል። ከሥጋው ደግሞ ጉበቱ ይብሳል።»

«ታዲያ እኛ ምን እንሽጥ፣ ድንጋይ?» አለች አሳ ሻጯ።

«ለጊዜው ትልልቆቹን ተዉአቸው፣ እትዬ። ጋሼ፣ ጉበቱን የሚበላው ማነው? ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ስንት ጊዜ እንደበላች ሐኪም ማወቅ አለበት።»

ብዕሩን ያስቀመጠው ይህን ሲሰማ ነው። ልጁ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የዚያን ጠዋት የአሥራ ስድስተኛውን ጉበት፣ የሚኒባስ ሾፌር በሆነው አማቹ እጅ ልኮላታል።

ሽርጡን ሳይፈታ ሄደ። ከድልድዩ እስከ ልጁ ቤት ሁለት ኪሎ ሜትር ከመቶ ነው። ሽንኩርቱ የሸተተው ገና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ነው፤ ቤቷ ሦስተኛው ላይ ነው።

«አባዬ! ምነው በሽርጥህ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«በላሽው?»

«ምኑን?»

«ጉበቱን!»

«ገና እየጠበስኩት። ርቦህ ከሆነ ቁጭ በል...»

መጥበሻውን በባዶ እጁ አንሥቶ ቆሻሻ ውስጥ ገለበጠው። ምድጃው ላይ ሲመልሰው የቀረው ዘይት ለብቻው ሲንሿሿ ቆየ።

«ተበላሽቶ ነው» አላት። በዚያ ሊያበቃ ይችል ነበር። ሌላ ጉበት ባይልክ ማን ይጠይቀዋል? ግን ሐኪም ማወቅ አለበት፤ ለሐኪም የሚነገረው ደግሞ እናቷን ሳያነሣ አይነገርም።

«ከጸነስሽ ወዲህ ስንቴ በላሽ?»

«በሳምንት ሦስቴ፤ አንተ በላክልኝ ቁጥር። አባዬ፣ እያስፈራኸኝ ነው።»

ነገራት። ባዜቃውን፣ ጭቃውን፣ ትልቁን አሳ። ከዚያም «እናትሽን በእጄ ነው ያበላኋት» አለ።

ልጁ አላለቀሰችም። ሁለት እጆቿን ከፊቷ ዘረጋች፤ ጣቶቿን አራራቀቻቸው። አባትና ልጅ ዐሥሩን ጣቶች ተመለከቱ።

«ይንቀጠቀጣሉ?» አለች።

«አይ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይንቀጠቀጡም፣ ልጄ።»

«ሳታውቅ እኮ ነው፣ አባዬ።»

«ሆድ፣ ዐውቆ ያበላኝን ሳያውቅ ካበላኝ አይለይም» አላት።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰዳትና ደሟን ሰጠች። በየሳምንቱ የበላችውን እሱ ራሱ ለሐኪሟ ቆጠረላት፤ አንዱንም አልቀነሰም። ውጤቱ ዓርብ መጣ። ከሚፈራው መጠን በታች ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። «ልጁ እስኪወለድ፣ ከተወለደም በኋላ እንከታተላለን» አለች ሐኪሟ፤ «ከአሳ ራቂ፤ እንቁላል፣ ምስርና ጎመን ብዪ።»

ቅዳሜ ኅዳር 15 ቀን፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ከልጁ ቤት ጥግ ካለው ሱቅ ዐሥር እንቁላል፣ አንድ ኪሎ ምስርና አንድ እስር ጎመን ገዛ። ፎቁን ሲወጣ ሁለት ጊዜ አረፈ። ልጁ ሶፋው ላይ ተኝታ ነበር። አልቀሰቀሳትም። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ መደርደሪያው ላይ ደረደረ፤ ምስሩን ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ገለበጠ፤ ጎመኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለው። ከዚያም በሩን ድምፅ ሳያሰማ ስቦ ዘጋው።