በሞቴ፣ ይቺን ብቻ

ልጄ ሁለት ዓመት ሞልቶትም ማንኪያ ሲያይ አፉን ግጥም ያደርግ ነበር። ወፈር ያለ ነገር ምላሱን ከነካው ትን ይለዋል፣ ያስመልሰዋል። አምቦ ውስጥ ያልመከረኝ ሰው የለም፤ የሁሉም ምክር ዞሮ ዞሮ እናትነት አታውቂበትም ነው።

የባሱት ግን ከባኮ ሊጠይቁን የመጡት የባሌ ታላቅ እህት ነበሩ። በመጡ በማግስቱ ከሥራ ስገባ፣ ልጁን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ አፍንጫውን ይዘው፣ በቀበሌ ስኳር ያጣፈጥኩትን አጥሚት በእፍኛቸው ይግቱታል።

«ኛዱ! ብላ እንጂ!» ይሉታል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም።

የልጁ ፊት ጠቁሯል። ነጠቅኳቸው።

«አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» አሉኝ፣ እጃቸውን እየተለቃለቁ። ባሌ ፎጣ አቀበላቸው። እኔ የልጄን አፍ ጠረግኩ።

በሚመለሱበት ቀን የመሸኛ ምሳ ሠራሁ። ዘመድ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት ተነሣሁና ቡጢ የሚያክል ጉርሻ ጠቅልዬ «በሞቴ፣ እትዬ!» አልኳቸው። ጎረሱ። ሳይውጡት ሁለተኛውን አስከተልኩ። «ኧረ በቃኝ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ብዬ ሦስተኛውን ከተትኩበት።

«እሰይ! መውደድ እንዲህ ነው!» ይላል ሰዉ።

ጉንጫቸው ተነፋ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «እኔ እንኳ አፍንጫዎትን አልያዝኩም» አልኳቸው።

ይኼኔ ልጄ ከተቀመጠበት ጥግ በሳቅ ፈነዳ። አፉን እንደዚያ ከፍቶ አይቼው አላውቅም። ማንም ምንም እንዳይከትበት ሄጄ ከፊቱ ቆምኩ።