የእትዬ ውይ የድንጋጤ እንግሊዝኛ

የጥርስ ሐኪሙ ረዳት በሰፈሩ የምትታወቀው በሙያዋም በስሟም አልነበረም፤ «እትዬ ውይ» ነበር የሚሏት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ታካሚዎች ናቸው፤ ያወጡላትም እየሮጡ ነው።

ሲበዛ ደንጋጭ ሴት ነበረች። ብርጭቆ ከእጇ ሲያመልጥ «ውይ!» ትላለች፤ ወድቆ ሳይሰበር ሲቀርም «ውይ!» ትላለች። ራሷ የደወለችለት ሰው ስልኩን አንስቶ «አቤት» ሲላት ደረቷን ትይዛለች። ይህ ሁሉ በሌላ ሥራ ላይ ባልከፋ ነበር። እሷ ግን የምትውለው ሰው አፉን ከፍቶ በጀርባው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ነው።

በቀረው ሁሉ እንከን አይወጣላትም። ክሊኒኩ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ቁልፉ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ነው፤ ጠዋት የምትከፍተውም ማታ የምትዘጋውም እሷ ነች። የምራቅ መሳቢያውን ቱቦ ከከንፈር ጥግ ስታስገባ ታካሚው ቱቦው መግባቱን ልብ አይልም። ዶክተሩ እጁን ሲዘረጋ የሚፈልገው መሣሪያ ቀድሞ መዳፉ ላይ ይደርሳል። ችግሩ የሚመጣው መብራቱ ሲበራ ነው። መብራቱ ይበራል፣ አፍ ይከፈታል፣ እትዬ ውይ አንገቷን ሰገግ ታደርግና፦

«ውይ! ኧረ ጉድ! ይሄ ጥርስ ነው?»

የተኛው ሰው ምን እንደታየ ማየት አይችልም። አፉ ጥጥ ስለጎረሰ መጠየቅም አይችልም። የሚችለው መሮጥ ብቻ ነው። ሰማያዊው ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ደረጃውን በሁለት በሁለት እየዘለለ ይወርዳል። ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊም ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ «ዛሬም አንዱ በረረ» ይላል።

አንድ ቀን ዶክተሩ ቢሮው አስጠራት። እርጋታው እንደ በረዶ የሆነ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

«ጨርቅ እያለቀብን ነው» አለ። «ታካሚም እንደዚያው።»

«ሳላስበው ነው እኮ የሚያመልጠኝ ዶክተር።»

«አውቃለሁ። አትደንግጪ አልልሽም፤ ተፈጥሮሽ ነው። ግን እነሱ በማይገባቸው ቋንቋ ደንግጪ። በእንግሊዝኛ። እሱም ካልሆነ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠሽ ትሄጃለሽ።»

እትዬ ውይ ክሩን ጨበጥ አድርጋ ወጣች። እንግሊዝኛ ከየት ይመጣል? ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ቤት ያሉት አማቷ ብቻ ናቸው። አማቷ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የውጭ ፊልም ያያሉ። የሚባለው አንዱም አይገባቸውም፤ ገዳዩን ግን ከመርማሪው ቀድመው ያውቁታል።

«እማዬ፣ ሲደነግጡ ምንድነው የሚሉት?»

«እነማን?»

«እነዚህ ፊልም ላይ ያሉት።»

«እሱማ እንደ ድንጋጤው ነዋ!» አሉ አማቷ፣ ሰው ከጠየቃቸው ስንት ጊዜያቸው! ድምፁን ቀነሱት። «ልጁ ተንበርክኮ ቀለበት ሲያወጣላት ‹ዋው› ትላለች። ጓደኛዋ ሐሜት ስታቀብላት ‹ኖ ዌይ› ነው። በሩን ከፍታ ሬሳ ስታገኝ ደግሞ ‹ኦ ማይ ጎድ›።»

«ሬሳው ሁለት ከሆነስ?»

«ሁለቴ ትለዋለች።»

«ለተቦረቦረ መንጋጋ የትኛው ይሆናል?»

አማቷ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። «ነርቭ ነክቷል?»

«አልነካም እንበል።»

«ቀለበት ነው እንግዲህ።»

ልምምዱ እዚያው ሶፋው ላይ ተጀመረ። አማቷ ትራስ ተደግፈው አፋቸውን ከፈቱ፤ እትዬ ውይ በስልኳ መብራት ጎንበስ ብላ አየችና «ውይ!» አለች።

«ኧለበት! ኧለበት!» አሉ አማቷ አፋቸውን ሳይገጥሙ።

«ዋው» አለች እትዬ ውይ።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ታካሚ ገባ። መብራቱ በራ፣ አፉ ተከፈተ፤ ዶክተሩ ትንፋሹን ያዘ። «ዋው!» አለች እትዬ ውይ። ታካሚው መሮጡ ቀርቶ ዘና አለ። ቤቱ ሲገባም አፉን አይቶ የተደነቀ ሰው ሲገጥመው ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ለሚስቱ ነገራት። ለተከታዮቹም «ዋው» ሆነ፣ «ኖ ዌይ» ሆነ፣ ማንም ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ዶክተሩ አንድ ጊዜ ፈገግ ሲል ታይቷል።

ይሁን እንጂ እትዬ ውይ በማንኛውም ቋንቋ መዋሸት አትችልም። ድንጋጤዋ የምር ስለሆነ ቃሏም የምር ነበር። ለትንሽ ቀዳዳ «ኦ ማይ ጎድ» አይወጣትም፤ ለበሰበሰ መንጋጋ «ዋው» አይመጣላትም። የክሊኒኩ በር ደግሞ ስስ ነው፤ ከበሩ ማዶ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ከማዳመጥ ሌላ ሥራ የለውም።

ልብስ ሰፊው ጥርሱን ታሞ አግዳሚው ላይ በተቀመጠበት ቀን ነገሩን ወረፋ ለሚጠብቁት ያብራራ ነበር።

«ስሙኝማ። ዋው ካለች ይሞላል። ኖ ዌይ ካለች ይሰረሰራል፣ ነገም ትመለሳለህ። ኦ ማይ ጎድ ካለች ይነቀላል።»

«ሁለቴ ካለችስ?» አለች አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጉንጯን እንደያዘች።

«እንዲህ የተባለ ሰው ተመልሶ ስላልመጣ አላውቅም።»

ተራው ደረሰና ገባ። ተኛ። ሰማያዊው ጨርቅ አንገቱ ላይ ታሰረ፤ መብራቱ በራ።

«ኦ...» አለች እትዬ ውይ።

ልብስ ሰፊው ቀሪውን ለመስማት አልቆየም። ተፈናጥሮ ሲወጣ አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ፣ አፋቸውን ማንም ያላየላቸው ጭምር፣ ተከትለውት ወረዱ። ወፍራሟ ሴትዮ ከሁሉም ቀድማ ነበር።

«እንግሊዝኛውም ገባቸው» አለ ዶክተሩ፣ ባዶውን አግዳሚ እያየ። «ከዛሬ ጀምሮ በየትኛውም ቋንቋ ድምፅ እንዳልሰማ። አንዲት ቃል ካመለጠችሽ ቁልፉን።»

እትዬ ውይ አፏን በጭንብል ሸፍና ዝም አለች። አፍ በተከፈተ ቁጥር ጭኗን ቆንጠጥ ታደርጋለች፤ ከንፈሯን ትነክሳለች። ነገር ግን ድንጋጤው አፉ ሲዘጋበት በዓይኗ መውጣት ጀመረ። ከጭንብሉ በላይ ዓይኖቿ ይፈጥጣሉ፣ ይፈጥጣሉ፣ ከዚያ እንባ ያቀርራሉ። አንዱ ወጣት ይህን አይቶ ጥጡን በራሱ እጅ አወጣና፣ «እትዬ፣ በናትሽ አትደብቂኝ፤ የቤተሰቤን ስልክ ልስጥሽ?» አላት። መልስ ሲያጣ እሱም ከነጨርቁ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ወደ ክሊኒኩ የሚመጣ ሰው እየሳሳ ሄደ፤ እትዬ ውይም በየማታው በሩን ስትቆልፍ፣ ይህ ቁልፍ ነገ የማን አንገት ላይ ይሆን እያለች ነበር።

በዚያው ሰሞን ዶክተሩ ጉንጩን መዳበስ አመጣ። ምሳ አይበላም፤ ሻይ ያስቀርባል፣ ሳይጠጣው ይቀዘቅዛል። ለማንም ምንም አላለም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ «መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ውይ በመስኮት ስታይ፣ አንድ ሰው የመኪና ጥሩምባ እየተንጫጫበት አስፋልቱን በሩጫ ያቋርጣል። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ይውለበለባል። አረንጓዴው የእኛ አይደለም፣ ከማዶው የጥርስ ክሊኒክ ነው፣ ብላ ተጽናናች። ሰውየው ቀርቦ ደረጃውን ሲወጣ ግን ዶክተሩ ሆኖ አረፈው።

እያለከለከ ገብቶ የራሱ ታካሚዎች ወንበር ላይ ተዘረጋ።

«ማዶ ያለው ሐኪም አየኝ» አለ። «አየና ‹ኢንተረስቲንግ› አለ።»

«ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም!» አለ፣ እንግሊዝኛ አንብቦ ሐኪም የሆነው ሰውዬ። «አንቺ እይልኝ።»

እትዬ ውይ ጭንብሏን አጠለቀች፣ መብራቱን አበራች፣ ትንሿን መስታወት አስገብታ አየች። ዓይኖቿ ፈጠጡ።

«ምንድነው?»

ጭጭ።

«ተናገሪ እንጂ!»

«ከልክለውኛል ዶክተር» አለች፣ ቁልፉን በመዳፏ ጨብጣ።

«ፈቅጃለሁ!»

«በየትኛው ቋንቋ?»

ዶክተሩ አሰበ። የሚሞላው፣ የሚሰረሰረው፣ የሚነቀለው በተራ በተራ ፊቱ ላይ አለፉ።

«እንግሊዝኛውን እንዳትነኪው!»

እትዬ ውይ ጭንብሉን ወደ አገጯ ሳበች።

«ውይ! እኔን! እኔን ይድፋኝ ዶክተርዬ! ይሄን ይዘው ነው ሰው ሲያክሙ የከረሙት? ምነው አንዴ እንኳ አመመኝ ቢሉ?»

ዶክተሩ አልሮጠም። እስከ ጆሮው ወጥቶ የነበረው ትከሻው ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ወረደ።

«አመመኝ» አለ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «ውሃ ሲነካው—»

«ውይ!»

«ወደ ጆሮዬ ይወጣና—»

«ኧረ ጉድ!»

«ከዚያ አንገቴን ይይዘኛል!»

«እኔን!»

በያንዳንዱ «ውይ» ፊቱ እየተፈታ ሄደ። ሲጨርስ ዓይኑን ጠረገና «ይነቀላል?» ሲል ጠየቃት።

«እኔ ምን አውቄ? የኔ ሥራ መደንገጥ ነው።»

«እንግዲያው ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለ። «አጠገቤ ቆመሽ ትደነግጪልኛለሽ። ሳትሳሺ።»

በማግሥቱ እትዬ ውይ ክሊኒኩን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አጠለቀች፤ አጥባ የተኮሰችውን አረንጓዴ ጨርቅ በብብቷ ያዘች። ልብስ ሰፊው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲወርዱ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ከስፌት መኪናው ቀና አለ። «ይሄ ደግሞ በእግሩ ወረደ!» አለ።

የማዶው ሐኪም ጥጥ ከትቶ መብራቱን ሲያስተካክል እትዬ ውይ በትከሻው በኩል አንገቷን ሰገግ አደረገች።

«እሷ ማን ነች?» አለ ሐኪሙ።

ዶክተሩ አፉ ስለሞላ በጣቱ ወደ እሷ ጠቆመና፣ በዓይኑ ጀምሪ አላት።