የኢሽትቫን «ና»

አሜሪካ፣ ግሮቭ ሲቲ ያለ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ ስቀጠር ሥራ ያሳየኝ ኢሽትቫን የሚባል ሸምገል ያለ የሃንጋሪ ሰው ነው። ካርቶኑን አሽጎ ሲጨርስ «ና» ይላል። እኔም እሄዳለሁ፤ ትልቅ ሰው ጠርቶኝ እንዴት እቀራለሁ? እሱ ቀና ብሎ ያየኛል፣ እኔም አይቼው እመለሳለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስመላለስ አይቶ፣ «ምን ፈልገህ ነው የምትመጣብኝ?» አለኝ።

«ጠርተኸኝ ነዋ። በአማርኛ ‹ና› ማለት ወደዚህ ምጣ ማለት ነው።»

ለካ በሃንጋሪኛ «እሺ፣ እንግዲህ» እንደማለት ነው። አጠገባችን የምታሽገው ብራዚላዊት ደግሞ በፖርቱጋልኛ «ውስጥ» ማለት ነው አለች፤ የስፔኗ ጋሊሺያ ተወላጅ አያቷም በጋሊሺያኛ እንደዚያው ይላሉ። ከዚያ ወዲህ «ና» ሲል ቀና ብዬም አላይ።

ባለፈው ሐሙስ ከኋላዬ ካርቶን ሲወድቅ ሰማሁ። ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ሁሌም ይወድቃል። «ና» አለ። እንግዲህ ማለቱ ነው ብዬ ማሸጌን ቀጠልኩ። «ና፣ ና» አለ ደግሞ። ዛሬስ ሥራው አማርሮታል አልኩ በልቤ። ብራዚላዊቷ ስትሮጥ አይቼ ዞር ስል፣ ከተናደው የካርቶን ክምር ሥር የኢሽትቫን ጫማ ብቻ ይታያል።

«ይሄኛው በአማርኛ ነበር» አለኝ ከሥር።