ለእንግዳዋ ቡችላ የቀረበ አታካና

ትርፊት ስትቆጣ ድምጿ ይወርዳል። ሃያ ሁለት ዓመት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ስትሠራ በሬ ሲረግጣትም ሆነ ገበሬ የደበቃትን በሽታ ራሷ ስትደርስበት እንዲሁ ነበረች፤ ጠጋ ብሎ ያላዳመጠ ሰው መቆጣቷን አያውቅም። ባለፈው የመስቀል ሰሞን ግን ሆሳዕና ባለው ቤቷ ውስጥ ድምጿ ጭራሽ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ምክንያቱ አንድ ኪሎ ተኩል የምትመዝን ነጭ ቡችላ ናት።

ትርፊት ሥራዋን ከለቀቀች ወዲህ ባለቤቶቻቸው መንገድ የሚሄዱባቸውን ውሾች በቤቷ ታቆያለች። መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ ሳቀባት። «ትርፊት የውሻ ቤርጎ ከፈተች፤ ቁርስ ይጨምራል?» ይሏት ነበር። ሳቁ የቆመው የባንክና የኮሌጅ ሠራተኞች ከአዲስ አበባ ትንንሽ ውሾች እያመጡ ማሳደግ ሲጀምሩና ለበዓል ወይም ለስብሰባ ሲሄዱ የት እንደሚጥሏቸው ሲጨንቃቸው ነው።

አቀባበሏን ቆሞ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ ውሻውን በቅቤ ሚዛን ትመዝናለች። ቀጥሎ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ ድዱን በአውራ ጣቷ ትጫንና ትለቃለች። የተጫነው ቦታ ነጭ ይሆናል፤ ሁለት እስኪቆጠር ድረስ ወደ ሮዝነቱ ከተመለሰ ደሙ በደንብ እየዞረ ነው ማለት ነው። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ባለው ውሻ ላይ ሊሞክረው ይችላል፤ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ከዚያ ባለቤቱ የለበሰውና ያልታጠበ አንድ ጨርቅ ትጠይቃለች፤ ውሻው የሚያውቀው ሽታ ላይ ከተኛ በመጀመሪያው ቀን አያለቅስም። በመጨረሻ ደብተሯን ትከፍትና ጥያቄዎቿን ትጠይቃለች፦ ምን ይበላል? በስንት ሰዓት? ክትባቱ? ምን ይፈራል? ባለፈው አንድ ወር ታሟል?

ነጯን ቡችላ ማክሰኞ ጠዋት ያመጣቻት ሊዲያ ናት፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት። የወንድሟ ሠርግ አዲስ አበባ ስለሆነ ከባሏ ጋር እስከ እሑድ ይቆያሉ። ቡችላዋ ኩኪ ትባላለች፤ ሦስት ወር ተኩል ሆኗታል።

«ምን ትበላለች?» አለች ትርፊት።

«እኛ የምንበላውን ነው እትዬ ትርፊት። ኬክ ነፍሷ ነው።»

«ኬክ።»

«ትንሽ ትንሽ ነው እኮ።»

የትርፊት ድምፅ አንድ ደረጃ ወረደ። «ባለፈው ወር ታማ ነበር?»

«ኧረ ምንም አልሆነችም። ጤነኛ ናት» አለች ሊዲያ፤ መኪናው እንዳያመልጣት ስልኳን እያየች።

ትርፊት «አልታመመችም» ብላ ጻፈች።

የእንዲህ ያለች ትንሽ ዘር ቡችላ ነገር ከትልቅ ውሻ የሚለየው በቁመት ብቻ አይደለም። ሆዷ የዶሮ እንቁላል ያህል ነው። ሰውነቷ ስኳር የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው በየአራት ሰዓቱ ካልቀመሰች ትንቀጠቀጣለች፤ ችላ ካሏት ራሷን ትስታለች። በዚያ ላይ ጣፊያዋ አጠገብ ያለችው፣ ቅባት የሚፈጭ ፈሳሽ የምታመነጨው ዕጢ፣ ቆሽቷ፣ በጣም ቁጡ ናት። ቅባት ሲበዛባት ራሷን መፍጨት ትጀምራለች። ስለዚህ ትርፊት የተቀቀለ የዶሮ ፍርምባና ለስላሳ ሩዝ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት፣ በቀን አምስት ጊዜ በሻይ ማንኪያ ለክታ ትሰጣት ጀመር። ለባሏ ለማቴዎስ ነገረችው። ለጎረቤቶቿ ነገረች። ፍሪጁ ላይም «ለኩኪ ከዚህ ምግብ በቀር ምንም አይሰጥ» ብላ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ለጠፈች።

በአፏ ያልነገረቻቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ አማቷ እማማ ገነቴ።

እማማ ገነቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከሌሞ ገጠር መጥተው ከልጃቸው ዘንድ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ማንበብ አይችሉም። ትርፊት ይህን ታውቃለች። ግን በዚህ አገር ምራት አማቷን ለእገሌ ይህን ይስጡ፣ ለእገሌ አይስጡ አትልም። አማት ጓዳ ከገባች የጓዳው አዛዥ እሷ ናት። ትርፊት በትዳር በቆየችባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት አንድም ቀን አማቷን በምግብ ነገር አዝዛ አታውቅም፤ በዚህም ትመሰገናለች። እና ወረቀት ለጠፈች።

ሐሙስ በዓል ነበር። የሚጠበስ ሥጋ ሽታ ከየግቢው ይመጣል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ጎረቤት ጥጃው ሆዱ ተነፍቶበት ትርፊትን ጠራት፤ ሄዳ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆየች። ስትመለስ ኩኪ ሳሎኑ ጥግ ላይ የፊት እግሮቿን ምንጣፉ ላይ ዘርግታ፣ ደረቷን አስነክታ፣ መቀመጫዋን ወደ ላይ አንስታ አገኘቻት። የምትጸልይ ትመስላለች። ውሻ እንዲህ የሚሆነው ግን ሆዱን ሲቆርጠው ነው፤ ትርፊት ከበሩ ላይ ሆና አወቀችው። ምንጣፉ ላይ ቢጫ ትውከት አለ። ትውከቱ ላይ ቅቤ ይንሳፈፋል።

ድዷን ተጫነችና ለቀቀች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አልመለስ አለ።

«እማማ» አለች በሀዲይኛ፤ «ይቺ ልጅ ምን በላች?»

እማማ ገነቴ ከወንበራቸው ሳይነሱ በኩራት መለሱ። «አታካና ነዋ! በእጄ የሠራሁት ነው። ሁሉ ሰው ጣባውን ከቦ ሲበላ እሷ እዚያ ጥግ ቁጭ ብላ ታየናለች። እንግዳ አይደለችም? በመስቀል ቀን እንግዳ ከልጄ ቤት በሩዝ ይሸኝ?»

አታካና ከቡላ፣ ከወተት፣ ከአይብና ከብዙ ቅቤ ይሠራል። የሀዲያ ሰው የሚያከብረውን እንግዳ የሚቀበልበት ምግብ ነው፤ ቅቤው ካልተትረፈረፈ እንግዳው ተንቋል። እማማ ገነቴ የሰጧት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን እናስላው፦ ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው የኩኪን አርባ እጥፍ ያህላል። ስለዚህ ለእሷ ሁለት ማንኪያ ማለት ለእሱ ሰማንያ ማንኪያ ነው። በአንድ ቁጭታ ሰማንያ ማንኪያ ቅቤ ያለበት አታካና ቢበላ ሆዱ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

ትርፊት አጎንብሳ ቡችላዋን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ጓሮ ወጣች። እዚያ ማቴዎስ ቢላዋ እየሳለ ነበር።

«አንተ የት ነበርክ?» አለችው ድምጿን አውርዳ።

«እዚሁ።»

«እዚሁ! እናትህ ውሻ ሲመርዙ እዚሁ!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።»

«አልነገርኩህም? ማክሰኞ አልነገርኩህም? ለምን አላልካቸውም? እናትህ ናቸው፤ አንተ ብትላቸው ምን ነበረበት?»

ማቴዎስ ቢላዋውን አስቀመጠ። ለእናቱ የታሰበው ቁጣ እሱ ላይ እየወረደ መሆኑ ገብቶታል፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሲሆንበትም የመጀመሪያው አይደለም። «ምን ላምጣ?» አለ ብቻ።

«ማር። ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ። ከዚያ ሐኪሙን ተገኘን ጥራልኝ፤ ከቅርጫ ላይም ቢሆን ይነሳ።»

ችግሩ የከፋ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ውሻ በቅባት ሲታመም አንድ ቀን ከምግብ ይከለከልና ሆዱ ያርፋል። ይቺን ግን ለአራት ሰዓት እንኳ ብትከለክላት በስኳር እጦት ትሞታለች። ካበላቻት ዕጢዋ ትቆጣለች፣ ካላበላቻት ልቧ ይቆማል። ትርፊት መሐል መንገዱን ታውቀዋለች፦ ማር በሞቀ ውኃ አቅጥና በጣቷ ጫፍ ድዷ ላይ መቀባት። ስኳሩ በድዱ በኩል በቀጥታ ወደ ደም ይገባል፤ ሆድ ምንም አይሠራም። እንዴት ያለ ግሩም ነገር ነው! በየአሥር ደቂቃው አንድ ጠብታ ትቀባታለች። ጠርሙሱን ሆዷ ሥር አድርጋ ታሞቃታለች። እጇ የረጋ ነው፤ ጥርሷን ግን ነክሳለች።

ተገኘ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ድሮ አብረው ሠርተዋል። በዓሉን ትቶ በሞተር ሳይክሉ ሲደርስ የሸሚዙ እጅጌ የበሬ ደም ነክቶት ነበር። ቡችላዋን ገና ሲያያት ቦርሳውን መክፈቱን ተወ።

«ይቺን አውቃታለሁ» አለ።

«ከየት?»

«ካየኋት አሥራ ሁለት ቀን ቢሆነኝ ነው። እንዲሁ ስታስመልስ አምጥተዋት እኔ ነኝ የወጋኋት። ቅባት የሚባል ነገር ካፏ አይድረስ፤ አንድ ጊዜ የታመመች ለሁለተኛው ትፈጥናለች ብዬ ለባለቤቷ ለመምህርቷ ሁለት ጊዜ ነግሬያታለሁ። አልነገረችሽም እንዴ እህቴ?»

ትርፊት ደብተሩን አምጥታ አሳየችው። «አልታመመችም» ይላል፤ በራሷ እጅ ጽሕፈት።

ተገኘ ትውከቱን የሚያቆም መርፌ ወጋት። ከዚያ በሁለቱ ትከሻዎቿ መሐል ያለውን ልል ቆዳ አንስቶ ፈሳሽ ከቆዳዋ ሥር ጨመረላት። እንደ ትንሽ ሻኛ አበጠች። «እስከ ነገ ጠዋት ካላስመለሰች ትተርፋለች» አለ። «ካስመለሰች ግን አላውቅም።»

ትርፊት ስልኳን አነሳች። ሊዲያ ስታነሳ ከኋላ የሠርግ ዘፈን ይሰማል።

«ኩኪ ታማብኛለች። ቤቴ ውስጥ ቅቤ በልታ ነው። ተገኘ አጠገቤ ነው።»

ዘፈኑ ራቀ፤ ሊዲያ ወደ ውጭ ወጥታለች። «ቅቤ? እትዬ ትርፊት፣ እርስዎን አምኜ እኮ ነው!»

«ጠይቄሽ ነበር። ታማ ታውቃለች ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር።»

«ያኔ... ትንሽ ነው ያስመለሳት።»

«ሁለት ጊዜ ነግሮሻል።»

«ከነገርኩዎት አይቀበሉንም ብዬ ነው። የወንድሜ ሠርግ ነው፤ የት ልጣላት?»

«እቀበልሽ ነበር። እየተጠነቀቅሁ እይዛት ነበር። ይህን ግቢ ሁሉ ሰብስቤ እነግር ነበር።»

«ቅቤውን ያበሏት ግን እኔ አይደለሁም» አለች ሊዲያ፤ ማልቀስ ጀምራለች። «እርስዎ ቤት ነው የበላችው።»

ትርፊት ስልኩን ዘጋች። በጣም ያናደዳት ሊዲያ የዋሸችው አልነበረም። መጨረሻ ላይ የተናገረችው እውነት መሆኑ ነው።

እማማ ገነቴ ከሳሎን ሁሉን ሲሰሙ ቆይተዋል። በትራቸውን ይዘው ጓሮ ወጡና ትርፊት ፊት ቆሙ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት?»

«አልሞተችም እማማ።»

«ብትሞት እኔ ነኝ። ለምን አልነገርሽኝም?»

ትርፊት አንገቷን ደፋች። «ወረቀት ለጥፌ ነበር።»

«ወረቀት!» አሉ አሮጊቷ። «ለዚህ ለልጄ በአፍሽ ነገርሽው። ለጎረቤት ነገርሽ፤ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ለእኔ ወረቀት? ፊደል እንደማላውቅ እያወቅሽ?»

«እርስዎን በጓዳ ነገር ማዘዝ ነውር ነው ብዬ ነው። ስላከበርኩዎት።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት እያከበርሽኝ ነው እንግዲህ» አሉ እማማ ገነቴ። «ጨው ሲበዛብኝ ታከብሪኛለሽ፤ ዝም ብለሽ ትበያለሽ። ጓዳሽ ገብቼ ሳበላሽ ታከብሪኛለሽ፤ ወጥተሽ ልጄን ትሰድቢዋለሽ። አሁን ስትሰድቢው አልሰማሁም መሰለሽ? እኔን ምን አድርጌሽ ነው እንደ ግድግዳ የምታዪኝ?»

ማቴዎስ «እማ፣ ተይ» አለ።

«አንተ ዝም በል። አንተም ፈሪ ነህ።»

ትርፊት ቀና አለች። ፊቷ ቀልቷል፤ ስትናገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ አልወረደም። «እንግዲያው ልንገርዎ። በጣም አናድደውኛል። ሳይጠይቁ ነው የሰጧት። በራሴም ደግሞ ተናድጃለሁ። አሁን እዚህ ይቀመጡ፤ ማሩን እንዲህ በጣትዎ ጫፍ፣ ጠብታ ብቻ፣ ድዷ ላይ። ጉሮሮዋ ውስጥ እንዳይገባ፤ ከገባ ያንቃታል። እኔ ለነገ ሩዝ ላብስል።»

እማማ ገነቴ ተቀመጡ። ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩ።

ኩኪ አላስመለሰችም። ዓርብ ጠዋት አንድ የሻይ ማንኪያ ሩዝ በላች፤ ሆዷ ውስጥ ቀረ። ቀትር ላይ ሁለት። ቅዳሜ ድዷ ሁለት ሳይቆጠር ሮዝ ሆነ፤ ትርፊትም ለአማቷ ጣታቸውን ይዛ እንዴት እንደሚለዩ አሳየቻቸው። እሳቸውም በከብትም እንዲህ ይታያል ወይ ብለው ጠየቁ። ይታያል። ሁለቱም ግን አሁንም ተኮሳትረው ነበር፤ ከዚህ ከሥራው በቀር ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

እሑድ ከሰዓት ሊዲያ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ቡችላዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻትና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች፤ ምስጋና ይሁን ወቀሳ አይለይም። ትርፊት የሚበላውንና የማይበላውን አንድ በአንድ በቃሏ አስረዳቻት፤ ደግማም አስባለቻት። «ሌላ ጊዜ ብትዋሺኝ በሬን አታንኳኪ» አለቻት። ሊዲያ ተናዳ ሄደች። ትርፊትም ተናዳ የግቢውን በር ዘጋች።

እማማ ገነቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«ሌላው መቼ ነው የሚመጣው?» አሉ ቆጣ ብለው፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ።

«ረቡዕ። ከሺንሺቾ። ወንድ ነው፤ ትልቅ ሆዳም።»

«እሱስ ምን አይበላም?»

ትርፊት ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና መዘርዘር ጀመረች።